ጥሪ ነባሩን ስለ ገጠመችበት ዘመቻና ስለ እትዬ ቀይ ቁልፍ

በዘመነ ካልዓይ ራውተር፣ ይኸውም የመጀመሪያው ራውተር ውኃ ተደፍቶበት ካረፈ በስድስተኛው ወር፣ መሥራቹ ዘኢይነውም፣ ከምሳ በኋላ ካለችው ግማሽ ሰዓት በቀር ዓይናቸው የማይከደነው፣ የመድን ድርጅት ጸሐፊነታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ጥለው ለራሳቸው አለቃ በሆኑ በሁለተኛው ዓመት፣ ወሩ ሊያልቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ሰኞ፣ በሦስተኛው ፎቅ ከልብስ ስፌቱ ቤት ጎን ካለችው ክፍል፣ በነባሩ ላይ ጦርነት ታወጀ። ነባሩ አልሰማም።

ነባሩ የምንለው በየመሥሪያ ቤቱ ስክሪን ላይ ተደላድሎ ሠራተኛን ከሠራተኛ የሚያነጋግረውን፣ ዓለም ሁሉ የለመደውን የመልእክት መተግበሪያ ነው። ስሙን በክፍላችን መጥራት ነውር ስለሆነ ነባሩ እንዳልነው ቀረ። የእኛይቱ ደግሞ ጥሪ ትባላለች፤ እርሷም ሠራተኛን ከሠራተኛ ታነጋግራለች። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጦርነቱ ሁሉ የተደረገው የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነውና ይታገሠን። ለነባሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሲገብር፣ ለጥሪ የገበሩት ሰባት ነበሩ፤ እነርሱም የመሥራቹ እናት፣ መግባት ችለው መውጣት ያቃታቸው አጎት፣ ሁለት የአክስት ልጆች፣ የመሥራቹ ታላቅ እህት እትዬ፣ ከእትዬ ጋር የሚሰፉት የባላቸው እህትና የእርሷ ልጅ ናቸው። ሌላ የለም።

ሠራዊቱም እንዲህ ሰፈረ። በቀኝ ክንፍ ሊቀ ኮድ፣ በቅጽል ስሙ ዝምታው፣ በቀን ሦስት ቃል የሚናገር፣ ከሦስቱም አንዱ ዘወትር «አይሆንም» የሆነ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቅ ምሳውን የሚበላ፤ በግራ ክንፍ በጅሮንደ ቀለም ዲዛይነሯ፣ አሥራ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ለይታ የምታውቅ፣ አሥራ ሁለተኛውን ስትፈልግ ሁለት ሳምንት የበላች፤ በመካከል መሥራቹ ዘኢይነውም፤ በስተኋላም ከበሩ ሥር፣ ወንበር ስላልበቃ በተገለበጠ የክር ሣጥን ላይ፣ እኔ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ለድረ ገጹ ቃል እንዳሳምር የተቀጠርኩ፣ የሚያምር ነገር ስላልተገኘም ዜና መዋዕል የምጽፍ። ሰው አራት፣ ወንበር ሦስት፣ ከሦስቱ መደገፊያ ያለው አንዱ ብቻ። ክፍሉ ራሱ የእትዬ ነው።

እትዬ፣ እቴጌ ዘመርፌ ወዘመቀስ፣ ከኮሪደሩ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሁለት ክፍሎች የሚሠሩ፣ በወዲያኛው ሦስት የስፌት መኪና የሚያስጮኹ፣ በወዲህኛው ደንበኛ የሚለኩ፣ ሦስተኛዋን ክፍላቸውን ለወንድማቸው ለሦስት ወር ብለው ቢያውሱ ሦስቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነባቸው። የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ቦታ አጥቶ በኮሪደሩ በጎኑ ቆመ፤ እርሳቸውም ወለል ላይ ተንበርክከው መቁረጥ ያዙ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በጉልበታቸው የክር ብጥስጣሽ እንደተጣበቀ ገብተው በክፍሉ መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እኔ ወንድሜን አላባርርም። ግን ወገቤ አልቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ከደማችንም ከአማቾቻችንም ያልሆነ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይሄን ነገራችሁን ሲጠቀም ልየው። ካልሆነ ክፍሌን መልሱልኝ፤ አንተም ወደ መድን ድርጅትህ ተመለስ። እማዬን እኔ አስረዳታለሁ።»

ከአዋጁ ሁሉ የመጨረሻዋ ቃል ነበረች መሥራቹን ያስደነገጠቻቸው። እርሳቸው ሥራ ሲለቁ እናታቸው «ልጄ ያወቀውን ያውቃል» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተከራክረውላቸዋልና፣ አሁን ያ ክርክር በእትዬ አፍ ሊፈርስ ሆነ። በመድን ድርጅቱም ወንበራቸው እንደነበረ አለ፤ ከፊቱ ያለው ስክሪን ላይ ያለው ደግሞ ነባሩ ነው። ተመልሰው እዚያ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በነባሩ ላይ «እሺ»፣ «ደርሶኛል» እያሉ መጻፋቸውን ባሰቡ ቁጥር ከምሳ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት እንኳ ትጠፋባቸው ነበር፤ ይህንንም ለእኔ ነግረውኛል፣ አትጻፈው ብለውም ነበር።

ወእምዝ መሥራቹ አንድ መጽሐፍ አነበቡ። መጽሐፉም፣ በገበያ ላይ ከተፎካካሪህ የምትለይበትን ሥፍራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልህ የለህም ይላል፤ ፖዚሽኒንግም ይለዋል። እርሳቸው እስከ ገጽ ሠላሳ ሁለት ብቻ ቢያነቡም ነገሩ ገባቸው፤ ችግራችን ሰው ማጣት ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ማጣት ሆኖ ታያቸው። ያን ጊዜ ከተደገፉበት ወንበር ተነሥተው በጥሪ ላይ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ያየህ ላላየ ላክ፣ የተላከልህ ክፈት፣ የከፈትህ አንብብ! ከዛሬ ጀምሮ ነባሩን የሚፈራ በዚህ ክፍል አይቀመጥ። ከነባሩ የምንለይበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያመጣ፣ መደገፊያ ያለውን ወንበር ይወርሳል።»

አዋጁ በየስልካችን ቢደርስም አራታችንም በአንዲት ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ስለነበር ማንም ስልኩን አልከፈተም፤ ቀና ብለን አየናቸው፣ እርሳቸውም እንደገና በአፋቸው ነገሩን። ከሩቅ የመለሱት አጎት ብቻ ናቸው፤ አውራ ጣት ልከዋል። መውጣት ስላልቻሉ ሁሉም ነገር ይደርሳቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዓረፍተ ነገር እንደ ጉድ ፈላ። እየተጻፈ በእትዬ ስፒል ግድግዳው ላይ ተሰካ። «ከነባሩ የፈጠነ» የሚለው ቀድሞ ተሰካ፤ ዝምታው ሰዓት ይዞ ለካና ነቀለው። «ከነባሩ የቀለለ» ተሰካ፤ የአጎት ነገር ተነሥቶ ወረደ። «ነባሩ የረሳችሁን እኛ እናስታውሳችኋለን» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም፤ ሆኖም ሦስት ቀን ሲሞገስ ሰነበተ። ዝምታውም ተራው ደርሶ ተገዶ ሲጽፍ «ከነባሩ ያነሰ» ብሎ ጻፈ፤ ከሁሉም እውነት የነበረው እርሱ ነው፣ ስለዚህም ወዲያው ተነቀለ። እትዬ ደግሞ ስፒል ባነሳቸው ጊዜ ገብተው ከግድግዳው የፈለጉትን ያህል ነቅለው ይሄዱ ነበርና፣ ወለል ላይ የወደቀ ዓረፍተ ነገር እንደወደቀ ይቀራል። ከእርሳቸው የተሻለ አርታኢ አልነበረንም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተሰውቷል።

መሥራቹ በዚሁ መካከል ስልክ መደወል አላቋረጡም። ሰማንያ አራት መሥሪያ ቤት ደውለው ሰማንያ አራት ጊዜ «እኛ ነባሩን እንጠቀማለን» ተባሉ። ሰማንያ አምስተኛዋ የትልቅ ላውንደሪ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ፣ አርባ ሠራተኛ የሚያዝዙ፣ ከታች አጣቢውን፣ ከላይ በካውያ ተኳሹን በሁለት ፎቅ የሚያስተዳድሩ። እኒህ ሴትዮ የቦይለር ጠጋኙን ስልክ ይጠባበቁ ስለነበር ቶሎ አነሡት፤ ካነሡ በኋላ ደግሞ ጨዋ ሰው ሆነው ተገኙና አደመጡ። በሠፈራችሁ የማልፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፣ ገባ ብዬ አየዋለሁ አሉ። ሐሙስ ማለት ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

አሁን ስለ ቀዩ ቁልፍ መናገር ግድ ሆነብኝ፤ ባልናገር ደስ ባለኝ። ቁልፍ ያልኩት የልብስ አይደለም፤ በስልኩ ፊት ላይ የሚነካ ነው። እትዬ ደንበኛ ሲለኩ ሁለት እጃቸው ጨርቅ ይይዛል፣ አፋቸው ስፒል ይይዛል፤ ሰፊዎቹ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ በሦስት መኪና ጩኸት ውስጥ ናቸውና ቢጠሯቸው አይሰሙም። ጥሪን የሰጠናቸው ጊዜ በአፍንጫዬ ልጻፍባት ወይ ብለው ቢቆጡ፣ ዝምታው አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይናገር ሠራላቸው። ስልኩን ለግማሽ የሚሸፍን፣ ደም የመሰለ ቀይ ቁልፍ ነው፤ በክርናቸው ይነኩታል፣ በጥርሳቸው መካከል «ነጭ ክር» ይላሉ፣ ማዶ ያለውም ስልክ ማንም ሳይከፍተው ድምፁን ለቆ «ነጭ ክር» ይላል። በቀን ሠላሳ ጊዜ ይነኩት ነበር። እኛ ግን ለቤተሰብ የተዋለ ውለታ ነው ብለን ከሥራ አልቆጠርነውም፤ እትዬንም ቢሆን ከተጠቃሚ የቆጠርናቸው ሰባት ለማለት ያህል ነው።

ሐሙስ ሲቃረብ መሥራቹ ጸሐፌ ትእዛዛቸውን አማከሩ። እኔም የነባሩንና የእኛን ሥዕል ጎን ለጎን ዘርግቼ በጥሞና ተመለከትኩ፣ ቀዩንም ቁልፍ አይቼ ፊቴን አኮሳተርኩ፣ ነባሩ እንዲህ ያለ ነገር አለውን ብዬ ጠየቅኩ፤ የለውም ተባልኩ። ያን ጊዜ በክር ሣጥኔ ላይ ቀጥ ብዬ ይህን አወጅኩ፦

«ነባሩ የሌለውን ነገር ይዘን በሰው ፊት አንቀርብም። ቀዩ ቁልፍ ይጥፋ። በሥፍራውም ሰማያዊ ይሁን።»

ልብ በሉ፤ ከነባሩ የምንለይበትን ፍለጋ ከአርባ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሃያ ስድስቱን የጻፍኩት ሰው፣ የምንለይበትን አንዱን ነገር በገዛ አፌ አስወጣሁት። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኝ ነበር፤ ግን ዝምታው ያውቃል። ዲዛይነሯ እልል አለች፣ አሥራ ሁለተኛው ሰማያዊ በመጨረሻ ሥፍራ አገኘላት። መሥራቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔም ኮራሁ። ዝምታው ዞሮ አየኝና «አይሆንም» አለ፤ የዕለቱ ሦስተኛ ቃሉ ስለነበረች ለምን እንደማይሆን ሳይነግረን ቀረ።

ወበዕለተ ሐሙስ፣ አዲሱ ሰማያዊ በየስልኩ በገባ በሩብ ሰዓቱ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ የላውንደሪዋ ሥራ አስኪያጅ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ፣ ጣቶቻቸው ከሳሙና ብዛት እንደተሰነጣጠቁ ደረሱ፤ መደገፊያ ባለው ወንበርም ተቀመጡ። መሥራቹ እትዬ የሰፉላቸውን ኮት ለብሰዋል። በስክሪኑ ላይ አርባ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፣ «ዘመናዊ ግንኙነት ለዘመናዊ መሥሪያ ቤት» የሚለው የእኔው ድርሰት፣ በአሥራ ሁለተኛው ሰማያዊ ተጽፎ ያበራል። መሥራቹ መልእክት መላኪያውን አሳዩ፣ ፋይል ማያያዣውን አሳዩ፣ የሚስቁትንና የሚያለቅሱትን ትንንሽ ፊቶች አንድ በአንድ አሳዩ፤ ሴትዮዋም በትዕግሥት አዩ፣ ሰዓታቸውንም አዩ፣ በመጨረሻ ቦርሳቸውን አንሥተው እንዲህ አሉ፦

«ጥሩ ነው፣ በርቱ። ግን ይሄን እኮ አይቼዋለሁ። ትልቁን፣ ሁሉ የሚጠቀምበትን፣ አምና አስገብቼ ነበር፤ ሳምንት አልቆየም። የኔ ሰዎች እጃቸው እርጥብ ነው፣ የሚጽፍ የለም። አንዱ ስልክ እንዲያውም ከአንሶላ ጋር ታጥቧል። በሉ ደህና ዋሉ።»

ከመቀመጫቸው ሲነሡ የመሥራቹን ፊት አየሁት፤ የመድን ድርጅቱ ወንበር ከፊታቸው የተዘረጋላቸው ይመስላል። ኮቱ እንኳ ድንገት የሰፋቸው መሰለ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ፣ በወለሉም ላይ ከወደቁት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ፣ ያው የእኔው፣ በጫማዬ ሥር ነበር። ሴትዮዋ አንድ እግራቸውን ኮሪደሩ ላይ አሳረፉ።

በዚያችው ደቂቃ እትዬ በመለኪያው ክፍል የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ይዘው ነጭ ክር ፈለጉ። በክርናቸው ነኩ፤ ዝም አለ። ደግመው ነኩ፤ ስልኩ ወደቀ። ቀሚሱን ለቀው፣ ደንበኛይቱን በአንድ እግሯ እንዳቆሟት፣ ሥራ አስኪያጅዋን በበሩ ገፋ አድርገው ገቡ፤ ከአፋቸው ስፒል አንድ በአንድ እያወጡ፣ ለበሩ የቀረብኩ እኔ ስለነበርኩ፣ ሰባቱንም በእጅጌዬ ላይ ሰክተው ጨረሱ። ከዚያም ይህን አወጁ፤ ይህን አዋጅ የጻፍኩት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ከእጅጌዬ ስፒል እየነቀልኩ ነበር፦

«ቁልፌን ማን ወሰደው? ሁለት ዓመት ክፍሌን ይዛችሁ አንድ ደህና ነገር ሠራችሁ፤ እሱንም መልሳችሁ ወሰዳችሁብኝ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው በምን ይጣራ? አሁኑኑ ይመለስልኝ። ሌላውን ሰማያዊ ነገራችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

ሥራ አስኪያጅዋ ኮሪደር ላይ ያሳረፉትን እግር መለሱ። የምን ቁልፍ ነው ብለው ጠየቁ። እትዬም ማንነታቸውን ሳያውቁ፣ በር ተሳስታ የገባች የልብስ ደንበኛ መስላቸው፣ ክርናቸውን እያወዛወዙ እንዲህ እነካዋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ፣ ማዶ እንዲህ ይጮኻል ብለው አሳዩአቸው። መሥራቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ዝምታው ዞርኩ። ያን ጊዜ ከዚህ ቀደም በዜና መዋዕላችን ያልተጻፈ ነገር ሆነ፤ ዝምታው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ገና ረፋድ ስለነበር ሦስቱም ቃል አልተነካበትም። አንዱን አወጣ፦

«አልሰረዝኩትም።»

ደብቆት ኖሯል። «አይሆንም» ካለ በኋላ ለአዋጄ የታዘዘ መስሎ፣ ዞር ብሎ እንደፈቀደው ያደረገ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጠው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ቁልፍ በእትዬ ስልክ ላይ ተመልሶ ታየ፣ እንደነበረው ትልቅ፣ እንደነበረው አስቀያሚ።

ሥራ አስኪያጅዋ ግን ወሬ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም። ወደ ኮሪደሩ ቧንቧ ሄደው ሁለት እጃቸውን እስከ ክርናቸው አረጠቡ፣ ሳይጠርጉ እያንጠባጠቡ ተመለሱ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በክርናቸው ነኩትና አንሶላው ስላለቀ ወደ ላይ ይወሰድ ብለው ተናገሩ። ከኮሪደሩ ማዶ፣ ከሦስት መኪና ጩኸት በላይ፣ የገዛ ድምፃቸው ሲያዝዝ እዚህ ድረስ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ የባል እህት፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንሶላ ሰፍታ የማታውቀው፣ የትኛው አንሶላ ነው እያለች በሩ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ የረጠበውን እጃቸውንም በገዛ ቀሚሳቸው ጠርገው ፍርዱን ሰጡ፦

«ቅዳሜ መጥታችሁ ለአርባውም ጫኑልኝ። አንድ ወር እንየው። ሰማያዊውን ግን እንዳታመጡብኝ።»

ቅዳሜ የወሩ የመጨረሻ ቀን ነበረ። ጫንን። ከአርባው አንዷ ተኳሽ የመሥራቹ የአክስት ልጅ ሚስት ሆና ብትገኝም፣ ሠላሳ ዘጠኙ ከደማቸውም ከአማቾቻቸውም ያልሆኑ ሰዎች መሆናቸውን እትዬ አንድ በአንድ ስም ጠይቀው አረጋገጡ። መሥራቹም ወደ ኮሪደሩ ወጥተው በጎኑ ከቆመው ጠረጴዛ ጀርባ ጥቂት ቆዩ። ዜና መዋዕሉ የጨርቅ ብናኝ ዓይናቸው ገባ ይላል፤ እኔ ግን አልቅሰዋል፣ እኔም አልቅሻለሁ።

ወእምዝ መሥራቹ ግድግዳውን አጸዱ፤ የቀረውንም ሁሉ ነቅለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰኩ፤ «ጥሪ፦ እጁ ሥራ ለያዘ ሰው» ትላለች። እትዬ ሲቆጡ ያወጧት ናት፤ እኔ ጨመርኩባት የምለው ነገር ሁለት ነጥብ ከሰረዙ ብቻ ነው። በአዋጁ መሠረት መደገፊያ ያለው ወንበር ለእትዬ ተሰጠ፤ እርሳቸውም ለመቀመጥ ጊዜ የለኝም ብለው ጨርቅ ከመሩበት። ስለ ክፍሉ ግን ቃሌ ቃል ነው፣ ወገቤም ወገብ ነው ብለው ጠረጴዛቸውን አስገቡ፤ ስለዚህ እርሳቸው ሲቆርጡ እኛ ኮምፒውተራችንን ታቅፈን እንነሣለን፣ ሲጨርሱ እንቀመጣለን። ነባሩ እስከ ዛሬ አልሰማም።

እነሆ እንግዲህ፣ ሰማንያ አምስት ጊዜ ደውለው ያልታከቱ መሥራቹ ዘኢይነውም ይመስገኑ፣ ምሳ ስለበሉ አሁን ተኝተዋል፤ ባለመታዘዙ ያዳነን ዝምታው ይመስገን፤ አሥራ ሁለተኛውን ሰማያዊ ያለ ቅያሜ ያነሣች ዲዛይነሯ ትመስገን፤ ከሁሉ በላይ ግን እቴጌ ዘመርፌ ወዘመቀስ፣ ሰባት ስፒል ከአፋቸው አውጥተው ከአራት ሰው አርባ ሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የተናገሩ፣ በክርናቸው ኩባንያ ያቆሙ፣ ስማቸው በስክሪን ሁሉ ላይ ይድመቅ፣ ወገባቸው ይጽና። ስለ እኔ የሚባል ብዙ የለም። ቁልፉን ያስጠፋሁ በመሆኔ ቅጣት ተፈርዶብኝ ስልኬ ከሰፊዎቹ ስልክ ጋር ተያይዟል፤ በዚህች መስመር ላይ ሳለሁ «ነጭ ክር» አለ፤ ክሩ ደግሞ ያለው በተቀመጥኩበት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ።